«እውነተኛ ታሪክ ነው» ለሚሉን

ሰሞኑን ለዚህች ቅጠላችን የሚመጣው ድርሰት ሁሉ አንድ ዓይነት ቆብ ደፍቶ መምጣት ጀምሯል። ከርዕሱ ሥር በቅንፍ «እውነተኛ ታሪክ» ይላል። ጨከን ያለው ደግሞ «መቶ በመቶ እውነተኛ ታሪክ» ይላል። ጽሑፉ በንባብ ምሽታችን ላይ ይነበብና አንዱ እጁን አውጥቶ «ይህ ቦታ አላሳመነኝም» ሲል ጸሐፊው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። «እንዴት አያሳምንህም? የሆነ ነገር እኮ ነው! እኔው ራሴ በዓይኔ ያየሁት!» ቤቱ ጸጥ ይላል። አስተያየት ሰጪውም እንዳጠፋ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። በሆነ ነገር ላይ ማን ይከራከራል?

እኛ እንከራከራለን። «የሆነ ነገር ነው» የሚለው ቃል ለምስክርነት ይበቃ ይሆናል፤ ለድርሰት ግን መከላከያ አይሆንም። ከዚህም የከፋ ነገር አለበት። ቃሉ የሚከላከለው ለጸሐፊው ብቻ ነው። ታሪኳ የተወሰደባት ሴት በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ የለችም፤ እጇን አውጥታ «እሱ እንዳለው አይደለም» የምትልበት ዕድል የላትም፤ መወሰዱንም አታውቅም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እኛ የምንማረው ሐኪም ጋራን በመስኮት እያየን ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ ስሙን ሲሰማ ተራራው በሕክምና ሙያ የተጠራ ይመስለዋል፤ ስያሜው ግን ሐረሮች ከሚያከብሯቸው ወሊዮች ከአንዱ፣ ከአው ሐኪም የመጣ ነው። ይሁንና ከመሐላችን የሚበዛው የጤና ተማሪ ስለሆነ ቀልዱ በእኛ ላይ እውነት ሆኗል። ቀን ዋርድ ይዋላል፤ ከፈዲስ፣ ከባቢሌ፣ ከጉርሱም የመጣ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ተቁሞ «ሂስትሪ» ይወሰዳል። ማታ ብዕር ይነሣል። ታዲያ ማታ የሚጻፈው ቀን የተሰማው ቢሆን ምን ይገርማል? አይገርምም። እንዲያውም ደግ ነው። አንድ ቀን እንኳ ያላየውን የፓሪስ በረዶ ዶርሙ ውስጥ ሲያዘንብ ከሚያድር ጸሐፊ፣ የዋለበትን የሚጽፍ ይሻላል። ጠባችን ከመነሻው ጋር አይደለም፤ ከመድረሻው ጋር ነው።

እስቲ ይህን ሂስትሪ የሚሉትን ነገር እንየው። ሌላ ትምህርት ለሚማሩት ወዳጆቻችን ለማስረዳት ያህል፣ በሽተኛው ምን እንዳመጣው ይጠየቅና በራሱ ቃል ይጻፋል። ከመቼ ጀምሮ ነው? በድንገት ነው ወይስ ቀስ እያለ? ወዴት ይዛመታል? ምን ያብሰዋል፣ ምን ያስታግሰዋል? ከዚህ ቀደም እንዲህ አሞት ያውቃል? ከቤተሰቡስ? ጥያቄው ብዙ ነው፤ ሥርዓት አለው። ከነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች መሐል ግን አንዱም «አንተ ተማሪው ምን ተሰማህ?» አይልም። ይህ ለደራሲ ትልቅ ትምህርት ነበር። ቀን ቀን እናጠናዋለን፤ ማታ ሲሆን ከነነጭ ጋወኑ ተሰቅሎ ይቀራል።

«በራሱ ቃል» የሚለውን ግን ብዙ አትመኑት። በሽተኛዋ በኦሮምኛ ትናገራለች እንበል። ቋንቋውን የማያውቅ ተማሪ ያስተረጉማል፤ አስታማሚ ወይም የክፍል ጓደኛ በአማርኛ ይነግረዋል፤ እሱ በእንግሊዝኛ ካርዱ ላይ ያሰፍራል፤ ማታ ደግሞ ያንን እንግሊዝኛ እያስታወሰ በአማርኛ ድርሰት ያደርገዋል። ሦስት በር አልፎ የመጣ ቃል ነው። በየበሩም ቀረጥ ተከፍሎበታል። «ገራን ና ዹኩባ» ብትል «ሆዴን ያመኛል» ማለቷ ነው፤ ካርዱም «የሆድ ሕመም» ይላል፤ ልክ ነው። (ጋራውና ገራው እንዳይምታታባችሁ፤ በኦሮምኛ አንዱ ተራራ ነው፣ አንዱ ሆድ።) ነገር ግን በኦሮምኛም እንደ አማርኛው ሆድ እህል የሚገባበት ብቻ አይደለም፤ የሚከፋውም የሚራራውም እሱ ነው። «ገራ ላፋ» ሲሉ ሆደ ቡቡ ማለታቸው ነው። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ሆድ መመርመር ግዴታው ነው፤ ለዚያ ተቀምጧል። ደራሲ ነኝ ባዩ ግን ሁለተኛውን ሆድ ካልሰማ ብዕሩን ለምን አነሣ? ካርዱን እንደወረደ ቢያነብልን አይሻልም ነበር?

የሚቀርቡልን ድርሰቶች አካሄድ አንድ ነው። ዝናብ ይዘንባል። (ቧንቧ በደረቀ ቁጥር ሕዝቡ ቢጫ ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍባት ከተማ ይህን ሁሉ ዝናብ ከየት እንደሚያመጡት እነሱ ያውቃሉ።) በሽተኛዋ ትገባለች። ዓይኖቿ «ጥልቅ» ናቸው። ተራኪው ያያታል፤ ልቡ ይሰበራል፤ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ዶርም ገብቶም እንቅልፍ ያጣል። በማግስቱ አልጋው ባዶ ነው። «ሕይወት እንዲህ ናት» ተብሎ ይዘጋል። ጭብጨባ!

እንጠይቃ! ስለዚህች ሴት ምን አወቅን? ስንት ልጅ ቤቷ ትታ መጣች? ከብቶቹን ማን እየጠበቀላት ነው? ለመሳፈሪያ ከማን ተበደረች? ጫማዋን ያደረገችው አልጋው ሥር ነው ወይስ እንዳይጠፋባት ራስጌዋ? ምንም! የተራኪውን እንባ ግን በጠብታ ቆጥረን ማስረከብ እንችላለን። ሴትዮዋ የሞተችው እሱ እንዲያለቅስ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው። የሰው ሞትስ ያደምቃል?

ከዚያ ደግሞ «ኖሬበታለሁ» የሚል ክርክር ይመጣል። መኖር ብቻውን ቢበቃ ኖሮ የሐረርን ታላቅ ድርሰት መጻፍ የነበረበት አርተር ራምቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ገባ፤ እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ድረስ ቡናና ቆዳ ሲነግድ፣ መሐል ላይም ወደ ሸዋ ጠመንጃ ሲያሻግር ኖረ። ብዕሩ በዓለም የተደነቀ ሰው ነው። ያላየው የለም። ታዲያ ምን ጻፈ? ለንግድ ቤቱ የሒሳብ ደብዳቤ፣ ለእናቱ «ሰለቸኝ» የሚል ደብዳቤ፣ ስለ ኦጋዴን ለጂኦግራፊ ማኅበር የተላከ ዘገባ። አንድ ግጥም የለም። ዛሬ በጀጎል ውስጥ በስሙ የሚጎበኘውም ፎቅ ቤት እሱ የኖረበት ላይሆን እንደሚችል ይነገራል፤ ቱሪስቱ ግን ገብቶ ፎቶ ይነሣል።

ስለ ራምቦ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው በአፕሪል 1891 በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ ወረዱት። በመንገዱ ላይ አጭር ማስታወሻ ይዟል። ስንት ሰዓት ተነሡ፣ የት ደረሱ፣ የት አደሩ፣ ዝናብ ያዛቸው፣ ድንኳኑ ቀርቶ ሜዳ ላይ ዋሉ። ቅጽል የሚባል ነገር እምብዛም የለበትም። በዚያው ዓመት ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆርጦ በኖቬምበር ሞተ። ያንን ደረቅ ማስታወሻ ያነበበ ሰው ቃሬዛው ከእጁ አይወርድም። ድርሰት አይደለም፤ ድርሰትም ነኝ አላለም። ነገር ግን ከዝናብና ከእንባ ድርሰቶቻችን ጋር ቢመዘን በየትኛው ወገን ሰው እንዳለ ማንም ያየዋል። ስለዚህ ማስጌጥና መመዝገብ ብቻ ምርጫችን ቢሆን ኖሮ እኛ ያለማመንታት መዝጋቢውን እንመርጥ ነበር። ደግነቱ ሦስተኛ መንገድ አለ።

ወደ ሦስተኛው ከመሄዳችን በፊት በስተጀርባ የሚያንጎራጉሩትን እንስማ። እነዚህኞቹ የተቃራኒው ጎራ ሰዎች ናቸው። «ልቦለድ ማለት የልብ ወለድ ነው፤ ከራስ ሕይወት መራቅ አለበት። ራምቦ ራሱ ያንን የሰከረች ጀልባ ግጥም በ1871 ሲጽፍ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ባሕር እንኳ አላየም!» ይሉናል። እሺ፣ ባሕር አላየም። ግን ያደገባት ከተማ ሻርልቪል ወንዝ ዳር ናት፤ ጀልባ እያየ ነው ያደገው። ካደገበት ከተማ ለመጥፋት የነበረውን ጥድፊያ ደግሞ ማንም አላዋሰውም፤ ደጋግሞ ከቤቱ የኮበለለ ልጅ ነው። ባሕሩ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፤ መሄድ የፈለገው ግን እሱው ራሱ ነው። የኛዎቹ የፓሪስ በረዶ ጸሐፊዎች ግን ከበረዶው ሥር ምንም አልቀበሩም። ብትቆፍሩት ያው በረዶ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤት እንመልከት። ስለዚህች ከተማ የተጻፈውን የዓለም ሰው ከማን ብዕር ነው የሚያነበው? ሪቻርድ በርተን በጃንዋሪ 1855 ገብቶ አሥር ቀን ተቀመጠ፤ በ1856 መጽሐፉን አወጣ። አሥር ቀን! እኛ አምስትና ስድስት ዓመት እንቀመጣለን። ማርከስ ቤይንስ ሮክ የተባለ አውስትራሊያዊ ከጅቦቻችን ጋር ሌሊት ለሌሊት ሲዞር የኖረውን በ2015 መጽሐፍ አደረገው። ካናዳዊቷ ካሚላ ጊብ በ1990ዎቹ ለዶክትሬት ጥናቷ መጥታ ከሐረር ቤተሰብ ጋር ኖረች፤ በ2005 «ጣዕም በሆድ ውስጥ» ልንለው የምንችል ልቦለድ አወጣች። የጅጅጋው ልጅ ነጋ መዝለቂያም በ2000 የልጅነቱንና የአብዮቱን ዘመን ትዝታ «ከጅቡ ሆድ የተጻፉ ማስታወሻዎች» በሚል ርዕስ በካናዳ አሳትሞ የዚያን አገር ትልቅ ሽልማት ወሰደ። የሚገርመው የሁለቱም መጻሕፍት ርዕስ ላይ ሆድ አለ። ዋርድ ውስጥ በየቀኑ ሆድ የምንመረምረው ግን እኛ ነን።

ካሚላ ጊብ ስለ ከተማዋ ያለችው ሁሉ ልክ ነው አላልንም፤ እሱ ሌላ ክርክር ነው፤ ሐረሮችም የሚሉት አላቸው። የምንለው ሌላ ነው። ይህች ሴት የገባችበትን ቤት፣ የጠጣችውን ቡና፣ የሰማችውን ወሬ ይዛ «እውነተኛ ታሪክ» ብላ ልትሸጠው ትችል ነበር። አላደረገችውም። ያየችው የ1990ዎቹን ሐረር ነው፤ ልቦለዱን ግን ወደ 1970ዎቹ ወስዳ ከአብዮቱ ዋዜማ ላይ አስቀመጠችው። ተራኪዋም ዶክትሬት አጥኚ አይደለችም፤ በሞሮኮ ያደገች፣ ኋላ ለንደን ውስጥ ነርስ የሆነች ወላጅ አልባ ናት። ያወቀችውን ሁሉ ወደ ሌላ ሰው አካል አዛወረችው። ሥራው እዚህ ላይ ነው። የኛ ጸሐፊ የሚያዛውረው ስም ብቻ ነው፤ «ፋጡማ» የነበረችውን «ከድጃ» ይላታል፤ አለቀ፣ ልቦለድ ሆነ።

ለጤና ተማሪ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ሚኻይል ቡልጋኮቭ ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣ በ1916 ስሞሌንስክ ግዛት ውስጥ ወዳለ ሩቅ የገጠር ሆስፒታል ተላከ። ብቻውን ሐኪም፣ አዋላጅ፣ ቀዶ ጠጋኝ ሆነ። ያንን ጊዜ ወደ ታሪክ የለወጠው ወዲያው አይደለም፤ ታሪኮቹ በሕክምና ሠራተኞች መጽሔት ላይ መውጣት የጀመሩት በ1925 ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀን አንድ ትንሽ ለውጥ ናት። እዚያ ሆስፒታል ሚስቱ አብራው ነበረች። በታሪኮቹ ውስጥ ግን ወጣቱ ሐኪም ሚስት የለውም፤ ሌሊት መብራቱን ይዞ መጽሐፍ የሚያገላብጠው ብቻውን ነው። እንግዲህ በ«መቶ በመቶ» ሚዛን ይህ ውሸት ነው። ሚስቱን ስላወጣት ግን ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ቤቱ ባዶ ስለሆነ ፍርሃቱ የሚሸሸግበት አጣ። ገና የተመረቀ ሐኪም በሌሊት በሩ ሲንኳኳ የሚሰማውን ያንን ፍርሃት አንባቢው ያገኘው ከእውነቱ ላይ አንድ ሰው ስለተቀነሰ ነው።

መኪና ግርግርን የማያውቅ ሰው ከመሐላችን አይኖርም። በዚያች ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የልብስ ስፌት መኪናው ሲንጫጫ ይውላል፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ጨርቅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሰፊው መጀመሪያ የሚያነሣው ሜትር ነው፤ ቀጥሎ መቀስ። የሚቆረጠውና መሬት የሚወድቀው ጨርቅ ከዚያው ከውዱ ጣቃ ነው፤ እውነተኛ ጨርቅ ነው። «እውነተኛ ስለሆነ አትቁረጠው» ያለ ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም። ኛዎቹ ጣቃውን እንዳለ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «ሱፍ ለበስኩ» ይሉናል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ እንዳለ እናውቃለን፤ ሸሽተን አናልፈውም። «በዓሉ ግርማስ?» ይባላል። «በዓሉ የዋለበትን ጻፈ፤ ሰዎቹ ሁሉ ታወቁ፤ ታላቅነቱም እዚያ ላይ ነው።» እውነት ነው። በዓሉ በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ነበረ፤ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ስማቸው ቢለወጥም ባለሥልጣኖቹ በአንባቢው ዓይን ፊት እየተነሡ ሄዱ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1972 ዓ.ም. ባሳተመው «ደራሲው» ውስጥ ሲራክን የቀረጸው በወዳጁ በስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አምሳል መሆኑን አገር ያውቃል።

እንግዲህ በዓሉን ለምስክርነት የምትጠሩ ሁሉ አንድ ነገር ተመልከቱ። በዓሉ የገለጣቸው ሰዎች ከበላዩ የነበሩ ናቸው። መልስ መስጠት ይችሉ ነበር፤ ጋዜጣው የእነሱ፣ ሬዲዮው የእነሱ፣ ወህኒው የእነሱ ነው። እንዴት አድርገው እንደመለሱለትም አየን። ስብሐትም ቢሆን ብዕር ያለው ሰው ነው፤ ቢፈልግ መልሶ ይጽፈው ነበር። ከባቢሌ በሰው ድጋፍ የመጣች እናት ግን ምን አላት? በዓሉ ወደ ላይ ደፈረ። እናንተ ወደ ታች ነው የምትደፍሩት። ሁለቱን «ድፍረት» በአንድ ስም መጥራት በዓሉን መስደብ ነው።

ከዚህች ከተማ ጋር የተያያዘ ሌላም ምሳሌ አለ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ገደማ አድዋን አዩ፤ ከዚያ ሩሲያ ሄደው ተማሩ። ተመልሰው ያገራቸው አስተዳደር ሲያንገበግባቸው በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ቴአትር ጻፉ፤ ሰዎቹን አውሬዎች አደረጓቸው፤ «ፋቡላ» አሉት። ያም ሆኖ ታገደ። የገዛ ሕይወታቸውን መናገር ሲፈልጉ ግን በአውሬ አልሸፈኑትም፤ በሌላ መጽሐፍ «የሕይወቴ ታሪክ» ብለው ጻፉ፤ ከሞቱ በኋላ ታተመ። ትዝታን ትዝታ፣ ፈጠራን ፈጠራ ብሎ መጥራት ያኔም ይቻል ነበር። የኛው ሰው ግን ሁለቱንም ዋጋ በአንድ ዕቃ ይፈልጋል። ሲተች «ልቦለድ ነው፣ ነፃነት አለኝ» ይላል፤ ሲጨነቅ «እውነተኛ ታሪክ ነው» ይላል።

«ስሟን ለውጠናል» የሚለው መልስም አያረካንም። ሐረር ትንሽ ናት። ጀጎል ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ ከግንቡ ውጭም ያለው በዕድር፣ በአፎቻ፣ በገበያ ይተዋወቃል። «ባለቤቷ ፈረስ መጋላ በር ላይ ሱቅ ያለው፣ መንታ የወለደችና አንዱ የሞተባት» ብለህ ስትጽፍ ስም መለወጥህ ለማን ነው? በዚያ ሳምንት የተኛችው እሷ ብቻ ናት። ይህች ቅጠል ደግሞ ከዶርም ወጥታ ሻይ ቤት ትደርሳለች፤ ከሻይ ቤትም ወደ ቤት። በሽተኛ ለሐኪም የሚናገረው ለባሏ ያልተናገረችውን ነው። ይህን አደራ የተቀበለ ሰው ማታ ላይ «ተመስጦ መጣብኝ» አይለንም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ሌላ ምን ሊሆን ነው?

«እንግዲያው ምን እንጻፍ? ከዋርድ ውጭ ሕይወት የለንም!» ኧረ ተዉ! የላችሁም? ከመሐላችን ብዙዎቻችን የ12ኛ ክፍል ፈተናን የወሰድነው ፈተናው በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነው። የዚያን የመጀመሪያውን ዓመት ውጤት ማን ይረሳዋል? ከተፈታኙ ከመቶ ሦስት ግድም ብቻ ግማሹን አለፈ። በቀጣዩም ዓመት ያው ነበር። እኛ እዚህ ስንቀመጥ ያንድ ወንበር ጓደኞቻችን የት ናቸው? አብራን ስታጠና የነበረችው ልጅ ውጤቱን ስልኳ ላይ ስታይ እኛ ምን አልናት? ምን ብለን ተሰናበትናት? በሬሜዲያል የገባነውስ የዚያን ዓመት ፍርሃት ለማን ነገርን? ይህ የኛ ነው። ማንም አልነገረን፣ ማንም አልታመመልን። በዚህች ቅጠል ላይ ግን ስለዚያ የተጻፈ አንድ ታሪክ አላየንም። ለምን? ስለሚያሳፍር ነው። የበሽተኛዋ ቁስል አያሳፍርም፤ የእሷ ነዋ! ያለፈው ተማሪ ባላለፈው ጓደኛው ፊት የሚሰማው ያ የተደበቀ ደስታ ግን ያሳፍራል፤ ያሳፍራልና ድርሰቱ እዚያ አለ።

ዋርድም ቢሆን ይጻፍ። አልከለከልንም። ግን ተራኪው የገዛ ቦታውን ይያዝ። ቋንቋ ሳያውቅ አልጋ አጠገብ ቆሞ «እሺ፣ እሺ» እያለ ራሱን የሚነቀንቀው ልጅ ማን ነው? ሲኒየሩ እንዳይቆጣው ያልጠየቀውን ጥያቄ እንደጠየቀ አድርጎ የሚሞላው ማን ነው? በመጀመሪያ መርፌው ላይ እጁ የተንቀጠቀጠው፣ በሽተኛዋ «አይዞህ ልጄ» ያለችው? ይህን ለመጻፍ የማንንም ካርድ መክፈት አያስፈልግም። ከከተማዋም ቢሆን ጉዳይ አይጠፋም። ለሐረር ውኃ ይሰጥ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲደርቅ ያዩ ወላጆች አሉን፤ ኋላ ውኃው በከፊል ሲመለስ ደግሞ እኛው አየን። ሐይቅ ሲሄድና ሲመለስ ያየ ትውልድ ምነው ዝናቡን ከፊልም ይዋሳል?

ለሚቀጥለው እትም ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ሁሉ የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። «እውነተኛ ታሪክ» የሚለው ቅንፍ ይነሣ። ከበሽተኛ የተሰማ ነገር ካለበት፣ ባለቤቲቱ ቁጭ ብላ ሲነበብ ብትሰማው «እኔን ነው» የማትልበት፣ ነገር ግን «እንዲህ ነው» ብላ ራሷን የምትነቀንቅበት እስኪሆን ድረስ ይቆረጥ፣ ይዛወር፣ ዓመት ይለፈው፤ ይህ ካልተቻለ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። የንባብ ምሽቱም አስተያየት ሰጪ «አላሳመነኝም» ሲል ጸሐፊው ይቀመጥና ይስማ።

ይህ ጽሑፍ ያናደደው ሰው እንደሚኖር እናውቃለን፤ በስም ባንጠራውም ራሱን ያገኘ ይኖራል። መልስ ይጻፍልን፤ ሁለት ገጽ ሙሉ እንተውለታለን፤ በፈለገው ቃል ይዝለፈን። የአልጋ ቁጥር ብቻ እንዳይጠቅስ።